የኤሊ አኳሪየም ሲያፈስ፦ ችግርና መፍትሄ

የማጣሪያውን ቱቦ አይታችኋል፣ ጠረጴዛውንም በውሃ ልክ ለክታችኋል ብዬ ልጀምር። ኤሊ ውሃ ረጭቶ ቤት የሚያረጥብ እንስሳ መሆኑንም ታውቃላችሁ። ጠረጴዛውን አድርቃችሁት ጠዋት እንደገና ረጥቦ ካገኛችሁት ግን አኳሪየሙ እያፈሰሰ ነው።

ምልክት፦ መስታወቱ ደህና ነው፣ ከታችኛው ጥግ ግን ውሃ ይንጠባጠባል።

አብዛኛው የሚመጣልኝ ይሄ ነው። ጥፋቱ የጥፍር ነው። ዓሣ ሲሊኮን (የመስታወቶቹን መጋጠሚያ የሚይዘውን ላስቲክ መሰል ማጣበቂያ) አይነካም፤ ኤሊ ግን መውጫ ሲፈልግ ጥጉን ሲቧጥጥ ይውላል። የሲሊኮኑ ጠርዝ ትንሽ ከተነሳ ጠጠርና አልጌ ከሥሩ ይገባል። ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ እየተላጠ ይሄዳል።

ችግሩ ሰው አሮጌው ላይ አዲስ ይለቀልቃል። አዲስ ሲሊኮን የደረቀ ሲሊኮን አይዝም። አንዱ ደንበኛዬ «ሦስቴ ለጥፌዋለሁ፣ ሲሊኮኑ ፎርጅድ ነው» እያለ በንዴት መጣ። ጫፉን በጥፍሬ ይዤ ብስበው ሦስቱም ድርብ እንደ ጫማ ማሰሪያ ተመዞ ወጣ። ከሥሩ አረንጓዴ ዝቃጭ ነበር። ሲሊኮኑ ምንም አልሆነም። ከውጭ በኩል የሚለጥፉም አሉ፤ ውሃው ከውስጥ ገፍቶ ይልጠዋል፣ አትድከሙ።

መፍትሄው፦ ኤሊዎቹን ሳፋ ውስጥ አድርጉ፣ አኳሪየሙን አራግፉና አንድ ቀን ይድረቅ። የውስጡን ሲሊኮን ዙሪያውን በምላጭ ፋቁ፣ ያፈሰሰውን ጥግ ብቻ አይደለም። አንድ ጥግ ብቻ ከሠራችሁ አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት ቦታ ነገ ያፈሳል። ሁለቱን መስታወት ያጣበቀውን፣ በመካከላቸው ያለውን ሲሊኮን ግን እንዳትነኩ! እሱ ከተነካ አኳሪየሙ ይበታተናል። የተፋቀውን በአሴቶን ጥረጉ። ቤንዚን ቅባት ስለሚተው አይሆንም። ከዚያ በጣታችሁ አትንኩት፤ የጣት ቅባትም ቅባት ነው። ሲሊኮኑን ሳታቋርጡ አውጡ፣ በጣት አንዴ ብቻ አስተካክሉ።

የምትገዙትን እዩ። ንጹህ ሲሊኮን ሆኖ ሲቀባ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ነው። «ሻጋታ ይከላከላል» የሚል የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን መድኃኒት አለበት፣ ለእንስሳ መርዝ ነው። «ቀለም ይቀባል» የሚለው ደግሞ ውሃ ውስጥ ይላላል። ሻጩ ሁሉም አንድ ነው ይላችኋል። አንድ አይደለም።

አሁን ጠብቁ። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው። በበጋ ደረቅ አየር እንዲያውም ይዘገያል። አንዷ ደንበኛዬ ቸኩላ በፀጉር ማድረቂያ ስታነፋው አመሸች። ላዩ ቆዳ አበጀ፣ ውስጡ ግን ሊጥ ነበር፤ በማግስቱ ውሃ ስትሞላ ሳሎኑ ጎርፍ ሆነ። እኔ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ሲቻል ሳምንት አቆየዋለሁ። የአቼቶው ሽታ ካለ አልደረቀም።

ምልክት፦ የጎን መስታወት ተሰንጥቋል።

የፀሐይ መሞቂያ ድንጋዩ ተንሸራቶ መትቶት ነው። ድንጋዩን ጠጠር ላይ ሳይሆን በቀጥታ የአኳሪየሙ ወለል ላይ አስቀምጡ፤ ኤሊ ከሥሩ ይቆፍራል። የጎን ስንጥቅ በሲሊኮን አይጠገንም። መስታወት ቤት ሄዳችሁ በዚያው ውፍረት አስቆርጡና ቀይሩ። 90 በ45 ሴንቲ ሜትር በሆነ አኳሪየም 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ 120 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ይሄን ሁሉ በ4 ሚሊ መስታወት ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?

ምልክት፦ ወለሉ ተሰንጥቋል።

ከሥሩ ጠጠር ወይም ያልተስተካከለ ጣውላ አለ። ከስንጥቁ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ የሚተርፍ መስታወት አስቆርጡና ከውስጥ በሲሊኮን ለጥፉበት፣ አየር ሳይቀር። ከሥሩ ፎም አንጥፉ።

ምልክት፦ ማሞቂያው ያለበት ቦታ ላይ ስንጥቅ። ውሃ ሲቀየር ማሞቂያውን ከሶኬት ያልነቀለ ሰው አለ፤ ውሃው ሲጎድል ግሎ መስታወቱን ይሰነጥቃል። ብዙ አያጋጥምም።

ሙከራውን ሳሎን ውስጥ አታድርጉ። ግቢ ውስጥ፣ ልሙጥ ጣውላ ላይ ጋዜጣ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። መጀመሪያ ሲሶውን ሙሉና ይደር። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ ጨምሩ። ሞልቶ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ውሃውን ድፉ፣ አለቅልቁት፣ አዲስ ውሃ ሙሉና ኤሊዎቹን ከሳፋው አውጡ።