ለአዲስ ገቢ ዜጎች፦ ሥራ፣ ጉዞ እና ሁለተኛው ስማችን

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ደወለልኝ። አሜሪካ ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው። ለቅሶው ስለበረታ መጀመሪያ ሰው የሞተበት መስሎኝ ነበር። «እህቴ አካውንቴን አገኘችው» አለኝ። እንዴት አገኘችው ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኔም ከአራት ዓመት በፊት የወደቅሁበት ጉድጓድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ሊነግረኝ የደወለ ሰው በእሱ ስድስተኛው ነው። ለአንድ ለአንድ በስልክ ስናገር የኖርኩትን አሁን ልጻፈው።

የምጽፈው ለዜጋ ነው። ቃሉን ለማታውቁት፦ አገር ቤት ጌይ የሆንን ሰዎች ሌላው ሳይሰማ እርስ በርስ የምንጠራራበት ስም ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ የማውቀው የዲሲን፣ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን ኑሮ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ ሕጉን እዚያው ጠይቁ፤ የስልኩ ነገር ግን የትም አንድ ነው።

ስለ ስልኩ ልጀምር። አብዛኞቻችን ሁለት ስም አለን። በአንዱ ስም ቤት የሚረዳ የበኩር ልጅ ነኝ፣ የአክስቶቼ ኩራት ነኝ። በሌላው ስም ደግሞ አምሽቼ የድምፅ ክፍል (ብዙ ሰው በመተግበሪያ በድምፅ የሚያወራበት) ውስጥ ገብቼ ከአዲስ አበባ፣ ከቤይሩት፣ ከስቶክሆልም ከተሰበሰቡ መሰሎቼ ጋር አወራለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ወንድ እወዳለሁ» ብዬ ጮክ ያልኩት በዚያ ስም ነው። ስለዚህ አካውንታችሁን ዝጉ፣ ስልኩን ጣሉ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። ያ ክፍል ብዙ ሰው በሕይወት አቆይቷል።

የእኔ ጥፋት እንዲህ ነበር። የፋሲካ ዋዜማ ነው፣ ከሥራ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተጋድሜያለሁ። አንዲት እናት ዶሮ ሲገነጥሉ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አየሁ፤ አሥራ ሁለቱን ብልት እያወጡ፣ እየቆጠሩ፣ ልክ እንደ እናቴ። ደስ ስላለኝ «አጋራ» የሚለውን ነካሁና ሊንኩን ሃያ ሦስት ሰው ባለበት የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ቪዲዮውን ያየሁት ግን በሁለተኛው ስሜ በተከፈተው አካውንት ነበር። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ሊንኩ ውስጥ የላኪውን ማንነት ይቀብሩበታል። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ስትከፍተው ከዶሮው በላይ «ይህን ያጋራሽ» ብሎ ያንን ስሜንና ፎቶዬን አሳያት፤ ተከተዪው ብሎም ጋበዛት። ፎቶው ላይ ፊቴ የለም፣ እጄ ብቻ ነው። እጄ ላይ ግን እናቴ ስሸኝ ያጠለቀችልኝ የብር ቀለበት አለ።

ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ደወለችልኝ። «ይሄ እጅ ያንተ ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «በቶሎ አጥፋው፣ እኔ ለማንም አልናገርም» ብላ ዘጋችው። ቃሏን ጠብቃለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ነገር ግን ከእሷ በፊት ሊንኩን የከፈቱ ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ አጎቴ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን አንስቶ አያውቅም።

ስለዚህ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ሁለተኛው ስማችሁ ሁለተኛ ስልክ ይፈልጋል። አሮጌ ይሁን፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ይሁን ግድ የለም፤ የራሱ ቁጥርና የራሱ ኢሜይል ግን ይኑረው። ቁጥሩን ሳትሞሉ ከተዋችሁት ኩባንያው ወስዶ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል፣ አካውንታችሁም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ በየወሩ ሙሉት። መተግበሪያው ገና ሲከፈት «የስልክ ማውጫህን ልይ?» ሲል እንቢ በሉ። «አካውንትህን ለሚያውቁህ ሰዎች እንጠቁም?» የሚለውንም አጥፉት። የእናንተ እንቢታ ብቻውን እንደማይበቃም እወቁ፦ እህታችሁ የራሷን ማውጫ ከሰጠችና ቁጥራችሁ እዚያ ካለ፣ መተግበሪያው እናንተን አንስቶ ለእሷ ያቀርባል። የደወለልኝ ልጅ የተያዘው በዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያየው ካደረጋችሁ በኋላ ከሥር ያለውን «በቁጥሬ ማን ያግኘኝ» የሚለውንም ቀይሩት፤ ሰው ሁሉ ይህችን ሁለተኛዋን ይረሳታል። ከሁለተኛው ስልክ ወደ መጀመሪያው ምንም ሊንክ አታሻግሩ። ቪዲዮው ካማራችሁ በሌላኛው ስልክ ፈልጋችሁ ከዚያ ላኩት። ፎቶ ላይም ቀለበት፣ ጠባሳ፣ መጋረጃ፣ ከመስኮት የሚታይ ሕንፃ ሁሉ ስም አለው።

ፎቶ ይዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ አትክፈሉ። የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል፤ ሦስት ጊዜ የከፈለ ሰው አውቃለሁ፣ አራተኛውንም ተጠይቋል። የጻፈውን ሁሉ በስክሪን ፎቶ አስቀሩና ሰውየውን አግዱት። የተላከው የእርቃን ፎቶ ከሆነ ስቶፕ ኤን ሲ አይ አይ (StopNCII) የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ ፎቶው ከስልካችሁ ሳይወጣ አሻራውን (ፎቶውን የሚለይ ኮድ) ብቻ ወስዶ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን ጨምሮ አብረውት የሚሠሩት መድረኮች እንዲያግዱት ያደርጋል። ፎቶው ሳይለጠፍም ማስመዝገብ ይቻላል።

ወደ ሥራ ስመጣ፣ ሕጉ ከምታስቡት በላይ ከእናንተ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድን ሰው ጌይ ስለሆነ ብቻ ከሥራ ማባረር ሕገወጥ ነው ብሎ ወስኗል። ይህ የፌዴራል ሕግ የሚይዘው አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ነው። የዲሲው ሕግ ግን ትንሹንም ምግብ ቤት ይይዛል፣ ሜሪላንድም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የራሷ ሕግ አላት። ይህን ካወቃችሁ በኋላ የምነግራችሁ የራሴ አስተያየት ነው፦ መጀመሪያው ዓመት ላይ የሀበሻ ሥራ ቦታ ውስጥ ለማንም አትናገሩ። የፓርኪንግ ሥራ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ጠዋት የተነገረ ነገር ማታ አዲስ አበባ ይደርሳል። ሕጉ ሥራችሁን ይመልስ ይሆናል፣ የእናታችሁን እንቅልፍ ግን አይመልስም። ለማን፣ መቼ እንደምትናገሩ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ቸኩላችሁም ተገፍታችሁም አትናገሩ።

የሌሊት ሺፍት ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። እዚህ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሲሆን በበጋ አዲስ አበባ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ ክፍሉ የሚሞቀውም ያን ጊዜ ነው። እኔ ከሥራ ወጥቼ እስኪነጋ እዚያ እቀመጥ ነበር። አንድ ጠዋት ጆርጂያ አቬኑ ላይ መሪ ይዤ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የነቃሁት ጎማው የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ሲመታ ነው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ እገባለሁ። እዚያ ያሉት ይናፍቁኛል፣ እነሱም ያውቁታል።

ወረቀትን በተመለከተ አጭር ልሁን፣ ጠበቃ አይደለሁምና። አሳይለም (የጥገኝነት ማመልከቻ) የሚገባው ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። «ትንሽ ልረጋጋ» ብለው አሥራ አራት ወር የቆዩ ልጆች አይቼ አንጀቴ ቆስሏል። ጌይ መሆን ለጥገኝነት በቂ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል በአንድ ኩባዊ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1990 ተወስኖ በ1994 ለሁሉም እንዲሠራ ተደርጓል፤ ነገሩን ወንጀል የሚያደርገው የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629ም በጽሑፍ ያለ ነው። ቤት ከቀየራችሁ በአሥር ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ። ጉዳያችሁን መደርደሪያ ላይ ዓመታት የሚያቆይ መሥሪያ ቤት እናንተን በአሥር ቀን ይይዛችኋል፣ ያናድዳል፣ ግን አድርጉት። ለኢንተርቪው አስተርጓሚ ይዛችሁ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ፤ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው አትውሰዱ። ከፊቱ ተሸማቃችሁ ግማሹን ትውጡታላችሁ፣ መኮንኑ ደግሞ የሚጽፈው የተነገረውን ብቻ ነው። ደንግጣችሁ የቆዩ መልእክቶችን አታጥፉ፣ ማስረጃችሁ ሊሆኑ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ ጠበቃችሁን አማክሩ። በገንዘብ የተጻፈ ታሪክ የሚሸጡላችሁም አሉ። ያንን የምትገዙ ጌይ ያልሆናችሁ ሰዎች፣ እያንዳንዱ የውሸት ፋይል ከኋላው የሚመጣውን እውነተኛ ልጅ ነው የሚያስጠረጥረው። ይህን ለመናገር አልፈራም።

ጉዞ ላይ ብዙ ሰው ይቃጠላል። ጉዳያችሁ ገና እየታየ ሳለ አስቀድማችሁ ፈቃድ ሳትይዙ ከወጣችሁ ማመልከቻችሁን እንደተዋችሁት ይቆጠራል። ጥገኝነት ካገኛችሁ በኋላም በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው መሄድ ያለባችሁ፤ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው፣ የሚወስደው ጊዜ ግን ያማርራል፣ ስለዚህ ትኬት ቀድማችሁ አትቁረጡ። አገር ቤት ደርሶ መመለስ «የምትፈራው አገር ሄደህ መጣህ?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። እናት ስትታመም ይህን መስማት እሳት መሆኑን አውቃለሁ። የአባቴን ቀብር በስልክ ነው የተከታተልኩት፤ የአክስቴ ልጅ፣ ያችው፣ ስልኳን ከነጠላዋ ሥር ይዛ አሳየችኝ።

ሌላ ወረቀት ኖሯችሁ የምትሄዱም ርካሽ ትኬት ብላችሁ በዱባይ ወይም በዶሃ ስታልፉ ሁለቱም አገር ውስጥ ነገሩ ወንጀል መሆኑን አስቡ። ሁለተኛው ስልክ እዚሁ ይቅር። የመጀመሪያውንም ከመነሳታችሁ በፊት ፈትሹ፤ መተግበሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ፎቶዎቹ ደመና (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ካሉ ተመልሰው ይወርዳሉ። ርቀት የሚያሳዩ የመተዋወቂያ መተግበሪያዎችን አዲስ አበባ ላይ አትክፈቱ፤ ከሦስት ቦታ ርቀቱን የለካ ሰው ቤታችሁን ያገኛል። ግብፅ ውስጥ ፖሊስ በእነዚሁ መተግበሪያዎች ቀጠሮ እየያዘ ሰው ሲያስር ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም የአዲስ አበባ አስተዳደር ሆቴሎችንና መዝናኛዎችን እየፈተሸ ኅብረተሰቡ እንዲጠቁም ሲጠይቅ፣ ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶና ስም ይለጠፍ ነበር። ያን ክረምት ከክፍላችን ሁለት ስሞች ጠፍተው እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ዲሲ ላይ ዊትማን ዎከር የሚባል ጤና ጣቢያ አለ፤ ምርመራም፣ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒትም፣ የሕግ ምክርም ያገኛሉ። ኢንሹራንስ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የደወለልኝ ልጅ እህቱ እስካሁን አልጻፈችለትም። ቅዳሜ ሺፍት የለውም። ዱፖንት ሰርክል ባቡር ጣቢያ፣ በኪው ጎዳና በኩል ባለው መውጫ ላይ እጠብቀዋለሁ፤ ስልክ አብረን እንገዛለን፣ ከዚያ ምሳ እንበላለን።