ቤት በስልክ ስካን ስታደርጉ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ቁልፍ የተረከበ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ልኬት ነው። ለኪችን ካቢኔት፣ ለአልሙኒየም፣ ለሴራሚክ። ዛሬ ቤቱን በስልክ አፕ ስካን አድርጎ የሚወጣውን ሞዴል (በስክሪን ላይ እያዞሩ የሚያዩትን የቤቱን 3D ምስል) ውጭ ላለ ወንድሙ የሚልክም አለ። በጣም ጠቃሚ ነገር ነው። ሞዴሉ ሲበላሽ ግን ስልክ ለመቀየር አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ክፍሉንና አካሄዳችሁን እዩ።

ግድግዳው ድርብ ሆነ፣ ኮሪደሩ ተጣመመ

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ስልኩ የት እንዳለ የሚያውቀው ካሜራው የሚያያቸውን ምልክቶች ከእንቅስቃሴ ሴንሰሮቹ ጋር እያገናዘበ ነው። በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ይስታል። ስህተቱ ይጠራቀምና ወደ ሳሎን ስትመለሱ ያው ግድግዳ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይሳላል።

ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። አንድ ቦታ ቆማችሁ ስልኩን ብቻ አታዙሩ። ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ግድግዳ ግድግዳውን ዞራችሁ እዚያው ጥግ ጨርሱ፤ ብዙዎቹ አፖች የጀመሩበትን ቦታ ሲያውቁት የተጠራቀመውን ስህተት ያርማሉ። በር ላይ ደግሞ በጎን ግቡ። ሁለቱም ክፍሎች ለአፍታ አንድ ላይ መታየት አለባቸው። መጣመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በር ላይ በጥድፊያ ሲታለፍ ነው።

ነጩ ግድግዳ ተቦረቦረ ወይም አበጠ

ሊዳር (ርቀትን በብርሃን የሚለካ ሴንሰር) የሌለው ስልክ ሞዴሉን የሚሠራው ከፎቶ ነው። አዲስ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ካሜራው የሚይዘው ምልክት አያገኝም። ያልተለሰነ ብሎኬት እንዲያውም ይሻላል፤ ሸካራ ነዋ። የጋዜጣ ቅዳጆችን በፕላስተር እዚህም እዚያም ለጥፉ፤ ቅርጻቸው ይለያይ።

ከአይፎን 12 ፕሮ ጀምሮ ያሉት የፕሮ ሞዴሎች ሊዳር አላቸው። ኢንፍራሬድ ብርሃን ልኮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል፤ ስለዚህ ነጭ ግድግዳ ያን ያህል አያስቸግረውም። የሚደርሰው ግን 5 ሜትር ገደማ ነው። ለኮንዶሚኒየም ክፍል ይበቃል። ቃሊቲ ያለ መጋዘን ከሆነ ግን ወደ ግድግዳው መጠጋት ግድ ነው።

ከመስታወቱ ጀርባ የሌለ ክፍል ታየ

መስታወት ሊዳርንም ካሜራንም ያታልላል። የቁም ሳጥኑን መስታወት በአንሶላ ሸፍኑ፣ መጋረጃ ዝጉ። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ላይ ምንጣፍ ጣል አድርጉ።

መብራት ሄዶ ስካኑ ተበላሸ

ሊዳሩ በጨለማ ይለካል፤ ካሜራው ግን ካላየ ስልኩ ያለበትን ያጣል። የስልኩ ባትሪ መብራት አብሯችሁ ስለሚንቀሳቀስ ጥላውን እየቀያየረ ፎቶውን ያበላሻል። ቀን፣ ፀሐይ በመስኮት በቀጥታ በማይገባበት ሰዓት ሥሩ።

ልኬቱ ከሜትሮው ጋር አልገጥም አለ

ከፎቶ ብቻ የተሠራ ሞዴል ቅርጹን እንጂ መጠኑን አያውቅም። አንዱን ረጅም ግድግዳ በሜትሮ ለክታችሁ ቁጥሩን አፑ ላይ አስገቡ፤ ሌላው በዚያው ይስተካከላል። በሊዳር የተሠራውም ቢሆን ጥቂት ሳንቲም ሊስት ይችላል። ለሴራሚክ ግምት ምንም አይደለም። ለካቢኔት ግን ብዙ ነው፤ እባካችሁ ካቢኔት በስካን ልኬት ብቻ አታዝዙ። እንጨት አንዴ ከተቆረጠ ገንዘባችሁ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ቤቱ ገና ያልተለሰነ ከሆነ ደግሞ ልስኑ ከሁለቱም ወገን ስለሚቀንስ ከልስን በኋላ እንደገና ለኩ።

አፑ ራሱን ዘጋ፣ ፋይሉ አልሄድ አለ

ስልኩ ግሎ ወይም ሚሞሪው ሞልቶ ነው። ከቨሩን አውልቁ፣ ክፍሎቹን ለየብቻ ስካን አድርጉ። አንዳንድ አፕ ሥራውን የሚጨርሰው ወደ ኢንተርኔት ልኮ ስለሆነ ዋይፋይ እስክታገኙ ፋይሉን አታጥፉ። ስካነቨርስ የሚባለው አፕ ግን እዚያው ስልኩ ላይ ይጨርሳል። ለአልሙኒየም ሠሪው ሞዴሉን ሳይሆን የወለሉን ፕላን በፒዲኤፍ ላኩለት። ብሎኮቹ ስለሚመሳሰሉ የብሎክና የቤት ቁጥሩን በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ።