«ለእሷ አስበን ነው»፦ ሴት ኬሚካል መሐንዲሶችን በመደገፍ ስም የሚፈጸሙ ስህተቶች

ሴት ኬሚካል መሐንዲሶች በሙያቸው እንዲያድጉ ከልባቸው የሚፈልጉ ኃላፊዎች ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ እነዚሁ ቅን ሰዎች የሚወስዱት አንድ ውሳኔ ከግልጽ ተቃውሞ የማይተናነስ ጉዳት ሲያደርስ ደጋግሜ ስላየሁ፣ ከእሱ እጀምራለሁ።

ስህተቱ አዲስ የተመደበችን መሐንዲስ «ለእሷ አስበን ነው» ብሎ ከማምረቻው አንስቶ ወደ ላቦራቶሪ፣ ወደ ጥራት ቁጥጥር ወይም ወደ ሰነድ ዝግጅት ማዛወር ነው። ሰበብ አይጠፋም፦ የሌሊት ፈረቃው ይከብዳታል፣ የዲስቲሌሽን ማማው (ፈሳሾች በሙቀት የሚለያዩበት ረጅም ማማ) ላይ መውጣት ያሰጋል፣ ኦፕሬተሮቹ አፋቸው አያርፍም። ባለጉዳይዋን የጠየቃት ግን የለም። ከዓመታት በኋላ የምርት ኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ያው ሰው የግል ማኅደሯን አገላብጦ «ጎበዝ ናት፤ ምን ያደርጋል፣ የማምረቻ ልምድ የላትም» ይላል። ልምዱን የነሳት እሱ ራሱ ስለመሆኑ በስብሰባው ላይ ትንፍሽ የሚል አይገኝም።

ይህ ልምድ ደግሞ በንባብ ብቻ የሚካካስ አይደለም። አንዲት ወጣት መሐንዲስ በሌሊት ፈረቃ ላይ ሳለች አንድ ፓምፕ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ሲንኮሻኮሽ ሰማች፤ የመምጠጫ መስመሩን ግፊት አንብባም «ካቪቴሽን ነው፤ ማጣሪያው ተደፍኗል» ስትል አጠገቧ ነበርኩ፤ ካቪቴሽን ማለት ግፊት ሲወርድ በፓምፑ ፈሳሽ ውስጥ የእንፋሎት አረፋዎች መፈጠርና መፈንዳት ነው። የፈረቃው ኃላፊ ግን ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አብሯት የቆመውን ተለማማጅ ነበር። ማጣሪያው ሲፈታ በዝቃጭ ታጭቆ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ኦፕሬተሮቹ አንዳች ነገር ሲያጠራጥራቸው በቀጥታ እሷን መጥራት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን «ትረፍ» ተብላ ወደ ቢሮ ተዛውራ ቢሆን ኖሮ ይህን ተሰሚነት ከየት ታመጣው ነበር?

«የኬሚካሉ አደጋስ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አንድ የአሜሪካ ባትሪ አምራች በ1982 እ.ኤ.አ. መውለድ እንደማይችሉ በሐኪም ካላረጋገጡ በስተቀር ሴቶችን ለእርሳስ ከሚያጋልጡ ሥራዎች አግዶ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 እ.ኤ.አ. አሠራሩ ሕገ ወጥ አድልዎ ነው ሲል ወሰነ፤ እርሳስ የወንዶችንም የመውለድ ጤና እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ በክርክሩ ቀርቦ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ መሠራት ያለበት የአየር ማስወጫውን ማሻሻል፣ ሂደቱን በዝግ መስመር ማድረግ፣ ሲቻልም መርዛማውን ኬሚካል በሌላ መተካት ነው፤ ይህ ሁሉንም ሠራተኛ ይጠብቃል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ መሐንዲስ ደግሞ ስለተጋላጭነቱ የተሟላ መረጃ አግኝታ ከሐኪሟ ጋር ትምከርበት። ጊዜያዊ ዝውውር ካስፈለጋትም ደመወዟና ደረጃዋ ሳይነካ፣ የምትመለስበት ቀን በጽሑፍ ተቀምጦ ይሁን።

ስለ ደህንነት ይህን ያህል የሚጨነቁ ሰዎች በወንድ ፊት ልክ የተሠራ የመተንፈሻ ጭምብል ሲያድሉ ግን ቅር አይላቸውም። ከፊት ጋር ያልገጠመ ጭምብል በጠርዙ ጋዝ ያስገባል፤ ልኩ ሳይሞከር መሰጠት የለበትም።

በሃዞፕ ስብሰባ ላይ፣ ማለትም የፋብሪካው ሂደት ምን አደጋ ሊያስከትል እንደሚችል ነጥብ በነጥብ በሚፈተሽበት ስብሰባ፣ የጸሐፊነቱን ሥራ ዘወትር ለሴቷ መስጠትም ይቅር፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ስለ ቫልቩ ብልሽት ለመከራከር ጊዜ አያገኝም።

ሌላው ስህተት ምክር አብዝቶ ሥራ መንፈግ ነው። ማርጋሬት ሃቺንሰን በ1937 እ.ኤ.አ. ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኬሚካል ምህንድስና የዶክትሬት ዲግሪ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ስሟ ሲነሳ ተምሳሌትነቷ ይወደሳል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን በእጇ የገባው ሥራ ነው፤ ፔኒሲሊን በጥልቅ ታንክ እየተብላላ በብዛት የሚመረትበትን የመጀመሪያውን የንግድ ፋብሪካ ንድፍ መርታለች። አማካሪ መመደቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ምደባ በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ «ይህን ፕሮጀክት ለእሷ ስጧት፤ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ባለሥልጣን ከሌለ ምክሩ ብቻውን የትም አያደርሳትም።

ወጣቶቹንም ሳልቆጣ አላልፍም፦ የሙቀት መለዋወጫውን ስሌት አንቺ ሠርተሽ ስታበቂ ሌላ ሰው እንዲያቀርበው አትስጪ። በሰነዱ ላይ ስምሽ ይኑር፤ ጥያቄውንም ራስሽ መልሺ።

በመጨረሻም፣ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችን መሐንዲስ ምንም እንዳልተለወጠ ቆጥሮ በመጀመሪያው ቀን ፈረቃ ማስረከብ፣ ወይም በተቃራኒው «ትንሽ ትረጋጋ» ብሎ ፕሮጀክቷን ለሌላ ሰው ለዘለቄታው መስጠት፣ ሁለቱም ስህተት ናቸው። በሌለችበት ወቅት የተቀየሩት መስመሮች፣ የማንቂያ ገደቦችና የአሠራር መመሪያዎች ተዘርዝረው ይሰጧት፤ ጥቂት ፈረቃዎችን ከባልደረባ ጋር ትሥራ፤ ከዚያም ፕሮጀክቷን ትረከብ። የዓመቱ የአፈጻጸም ምዘናዋም በሥራ ላይ በነበረችባቸው ወራት ብቻ ይሠራላት።