የጎሃን ዳገት በሳምንት ሁለቴ ብቻ

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚያወጣውን ዳገት በየማለዳው እሮጥ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ያለ እረፍት። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ። ከዚያ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። እንቅልፍም እምቢ አለ፤ ቢሮ ስገባ ሰው ሁሉ ያናድደኛል። መጀመሪያ ጫማ ቀየርኩ። ብሬ ሄደ እንጂ ለውጥ የለም።

ነገሩ የገባኝ በልብ ምቴ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ለ60 ሰከንድ ቆጠርኩ። ድሮ 58 ነበር፤ አሁን 67። ለካ ሰውነቴ አላገገመም! ጡንቻ የሚጠነክረው እየሮጥን ሳለ ሳይሆን በኋላ ስንበላ፣ ስናርፍና ስንተኛ ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ይላል፤ ዳገት ሲጨመርበት አስቡት።

ሕመሙ እስኪለቀኝ አሥር ቀን ሩጫ ተውኩና በእርምጃ ብቻ ተንቀሳቀስኩ። ከዚያ ዳገቱን ለማክሰኞና ለቅዳሜ አደረግኩት። ሰኞና ሐሙስ ሜዳ ሜዳውን፣ እያወራሁ መሮጥ በምችልበት ፍጥነት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ አርፋለሁ። እናቴ «ድሮስ ማን ሩጥ አለህ?» ትላለች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እንቅልፍ። ማታም ስልኬን ሳሎን ትቼ በ4 ሰዓት እተኛለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ምቴ 59 ገባ። ቅልጥሜም ዝም ብሏል። ጫማው ግን አሁንም ይጠበኛል።