የሙዚቃ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት በአንቺሆዬ ፈትኑት

የማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚነጻጸሩት በድምፅ ክምችታቸው ነው። በእኛ ቅኝት ለሚሠራ አቀናባሪ ግን ልዩነቱ የሚገለጠው በ6/8 ምትና በቅኝት አያያዝ ላይ ነው። 16 ባር ችክችካ በአንቺሆዬ ቅኝት አዘጋጁና ያንኑ በእያንዳንዱ ሶፍትዌር ሥሩት። ሪፐር ለ60 ቀን ያለ ገደብ ይሞከራል። የኤፍኤል ስቱዲዮ ነጻ ሙከራ ግን ያስቀመጣችሁትን ፕሮጀክት ሳትገዙ መልሶ ስለማይከፍት ፈተናውን ሳትዘጉ ጨርሱ።

በኤብልተን ላይቭ ቴምፖ የሚቆጠረው በሩብ ኖታ ነው። በ6/8 የከበሮው ትልቁ ምት በደቂቃ 110 ከሆነ 110 ብላችሁ ብትጽፉ ዘፈኑ ይጎተታል፤ ትልቁ ምት አንድ ተኩል ሩብ ኖታ ስለሚይዝ በ1.5 አባዝታችሁ 165 ጻፉ። የተቀዳ ከበሮ ከማስገባታችሁ በፊትም ረጅም ድምፆችን በራሱ የሚዋርፈውን (ከፕሮጀክቱ ቴምፖ ጋር እንዲገጥሙ የሚስበውን) ምርጫ አጥፉ፤ አለበለዚያ ምቱን በግምት ይዞ ከበሮውን ያንገጫግጨዋል።

ዋናው ፈተና ቅኝቱ ነው። አንቺሆዬ በፒያኖ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ተብሎ ይጻፋል፤ የማሲንቆው ጣት ግን ሁልጊዜ እነዚህ ቁልፎች ላይ አያርፍም። ማሲንቆውን በቲዩነር ለኩና ልዩነቱን በሴንት መዝግቡ (ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)። ከዚያ በተራ የጽሑፍ ፋይል የስካላ ቅኝት (ሶፍትዌሮች የሚያነቡት .scl የተባለ የቅኝት ፋይል) ጻፉ፦ መጀመሪያ የመግለጫ መስመር፣ ቀጥሎ 12 የሚል ቁጥር፣ ከዚያ ከመነሻው በላይ ያሉት 12 ድምፆች በየመስመሩ፣ መጨረሻው 2/1 (ኦክታቩ)። መነሻው ዶ አይጻፍም። ሁለት ስሕተቶች እዚህ ይደጋገማሉ። 120.0 በማለት ፈንታ ነጥቡን ትቶ 120 የጻፈ ሰው ሴንት ሳይሆን 120 እጥፍ ድግግሞሽ አዝዟል። አምስቱን ድምፆች ብቻ የጻፈ ደግሞ በየአምስት ቁልፉ ኦክታቭ እየተደገመ እጁ ይጠፋዋል። 12ቱንም ጻፉ፤ የምትቀይሩት የተለዩትን ብቻ ነው።

ላይቭ 12 ይህን ፋይል ይቀበላል፤ የራሱ መሣሪያዎች ወዲያው ይከተሉታል፣ የውጭ ፕላጊኖች (ከሌላ አምራች የሚጨመሩ መሣሪያዎች) ግን ኤምፒኢ፣ ማለትም እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው የማስተካከል ዘዴ፣ የሚደግፉ መሆን አለባቸው። ሎጂክ ፕሮ በፕሮጀክቱ ቅንብር ውስጥ 12ቱን ድምፆች በሴንት ያስተካክላል። በሪፐር ሰርጅ ኤክስቲ የተባለውን ነጻ ሲንተሳይዘር ጭናችሁ ፋይሉን በእሱ ክፈቱ። በኤፍኤል ስቱዲዮ እያንዳንዱን ኖታ በፒያኖ ሮል (ኖታዎች በሚጻፉበት ሰሌዳ) ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል፤ የሚሠራው ግን በዋናነት በራሱ መሣሪያዎች ላይ ነው፣ ሥራውም አሰልቺ ነው።

ላይቭም ሎጂክም ለሙሉው ፕሮጀክት የሚይዙት አንድ ቅኝት ነው። እኛ የሚያስፈልገን ለየትራኩ የተለየ ቅኝት፣ በዘፈኑ መካከልም ከትዝታ ወደ ባቲ የሚያሻግር መቀየሪያ ነው፤ አምራቾቹን አጥብቀን ልንጠይቀው የሚገባም ይህንኑ ነው። ለጊዜው እያንዳንዱን ቅኝት በተለየ ፕሮጀክት፣ በአንድ ዓይነት ቴምፖ ሠርታችሁ በ24 ቢት የድምፅ ፋይል አውጡ። ድምፁ ከባር 20 ቢጀምር እንኳ ከባር 1 ጀምራችሁ አውጡት፤ ዋናው ፕሮጀክት ውስጥ ስታስገቡት ቦታው ላይ የሚገጥመው ያኔ ነው።