የበርበሬ ዘርን ከራስ ማሳ መርጦ ማሻሻል
ዘር የሚመረጠው ከክምር ሳይሆን ከቆመ ተክል ነው፤ ያማረ ዛላ ከበሽተኛ ተክልም ይገኛል። መነሻው ድቅል ዘር (ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የተገኘ) ከሆነ አይድከሙ፣ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። እንደ ማረቆ ፋና ያለውን ድቅል ያልሆነ የበርበሬ ዝርያ ይያዙ።

የመጀመሪያው ፍሬ ሲቋጥር 30 ያህል ጤነኛ ተክሎች ላይ ክር ይሰሩ። ከማሳው ዳር ያሉትን ይለፏቸው፤ የደለቡት ቦታ ስለሰፋቸው ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ የተጨማደደውን ነቅለው ያርቁ።

በርበሬ ራሱን ቢያዳቅልም ንቦች ከጎረቤት ቃሪያ የአበባ ዱቄት ያመጣሉ። ጉዳቱ የሚታየው በዚያው ዛላ ላይ አይደለም፣ ዘሩ በቅሎ ሲያፈራ ነው። ስለዚህ ያልፈነዳ እምቡጥ ያለውን ቅርንጫፍ በአጎበር ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ፍሬ ሲይዝ ገልጠው በክር ይለዩት።

ሙሉ በሙሉ የቀላውን ዛላ ብቻ ይልቀሙ። ዘሩን ነፋሻ ጥላ ውስጥ ያድርቁ፤ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ፅንሱን ይገድላል። ከየተክሉ እኩል መጠን ወስደው ይቀላቅሉ።