ኤሊዬ በክረምት መብላት ስታቆም ያደረግኩት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ ሐምሌ ሲገባ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። ትልቋ ኤሊዬ ሣሩን ትታ፣ የምትወደውን ጎመን እንኳ ዞር ብላ ማየት አቆመች። አፍንጫዋ ላይ አረፋ ሳይ ደነገጥኩ። የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት አዘዘላት፣ ግን ዋናው ችግር ማደሪያዋ ነበር። ኤሊ እንደኛ የራሷን ሙቀት አታመነጭም፣ ከበረዳት የበላችውም በደንብ አይፈጭላትም፤ እኔ ደግሞ እርጥብ የአፈር ወለል ላይ ነበር የማሳድራት።

ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ሳጥን አሠራሁላት። ደረቅ ሣር ጎዘጎዝኩበት። መብራት ስለሚጠፋ አምፖል ብቻ አላምንም፤ ማታ ማታ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውኃ ሞልቼ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ አጠገቧ አስቀምጣለሁ፣ ሌሊትም ተነሥቼ እቀይረዋለሁ። ቴርሞሜትሩ ከ25 ዲግሪ እንዳይወርድ ነው የምጠብቀው። ፀሐይ ብልጭ ስትል ወደ ደጅ አወጣታለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ጎመኑን ሙልጭ አድርጋ በላችው። እንባዬ መጣ።